የጋሽ መነሻ ድምፅ

«ከነገ በኋላማ ይህ ቤት ሰላም ያገኛል» አለች የሚጢጢ ወንድም ሚስት በስልክ፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ፣ የተቀቀለ ድንች በሹካ እየደፈጠጠች። ትንሽ ሳቀችና ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኧረ ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው» አለች። ሚጢጢ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ እያሰረች ነበር፤ ሁሉንም ሰማች። የሚወራው ስለ አባቷ ነው። ነገ ጠዋት ሐኪሞቹ የአባቷን ጉሮሮ ከፍተው፣ እብጠቱን ከነድምፅ አውታሩ ጠቅልለው ያወጡታል። ሰውየው ይተርፋሉ፣ ይበላሉ፣ ወጣ ገባ ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ቃል አይወጣቸውም። ሚጢጢ ገብታ አንድ ነገር ማለት ነበረባት። እንዴት እንዲህ ይባላል፣ ሰውየው እኮ ግድግዳው ማዶ ናቸው፣ ማለት ነበረባት። አፏን ልትከፍት ስትል ግን ቁጣው አልመጣ አላት። ያቺ ሴት ለጓደኛዋ በስልክ ያወራችውን እሷም ሰሞኑን በልቧ ብላዋለች፤ ልዩነቱ ጮክ ብላ አለማለቷ ብቻ ነው። ስለዚህ መኖሯን ለማሳወቅ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ፣ «አባባ ለባብሰዋል?» ብላ ብቻ ጠየቀች። የወንድሟ ሚስት ክው ብላ ዞረች፤ ሹካው ሳህኑ ላይ ኳ አለ። «ለብሰው ተቀምጠዋል» አለች።

ሚጢጢ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። አርባ ዓመት ሊሞላት ምንም ባይቀራት፣ ሽበትም ብቅ ብቅ ቢልባት፣ ስሙ አልለቅ ብሏታል። አባቷ ደግሞ ሰፈሩ ጋሽ መነሻ ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ በመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር መቼ እንደሚነሳ በማይክሮፎን ሲናገሩ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ከተማው ፊታቸውን አያውቀውም፤ ድምፃቸውን ግን የማያውቅ የለም። ዳቦ ሊገዙ ገብተው «ሁለት ስጪኝ» ሲሉ ባለሱቋ ቀና ብላ ታያቸው ነበር፤ የት ነው የማውቃቸው እያለች። ይኸው ድምፅ ቤት ሲመጣ ግን ሌላ ሆኖ ነው የሚመጣው። ቀኑን ሙሉ የጡሩምባና የወያላ ጩኸት ሲያደነቁራቸው የዋሉ ሰው፣ ቤት ገብተው አንዲት ኮሽታ አይችሉም። ልጆቹ በር በእጃቸው ደግፈው መዝጋት፣ ማንኪያ ሳህን ሳያስነኩ መብላት ለመዱ። እናታቸው ልብስ ስትተኩስ ታንጎራጉር ነበር፤ አንድ ቀን ጋሽ መነሻ «አንቺ! በቃ!» ብለው ሲጮሁባት ካውያውን አቁማ ዝም አለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም ስታንጎራጉር አልሰማም። በዚያ ቤት ለልጆቹ አባት አንቱ ነው፣ እናት አንቺ ናት። ሚጢጢ በሩ ላይ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የአባቷን የዕለት ፀባይ ታውቅ ነበር፤ ጆሮዋ የተሳለው እዚያ ነው። አድጋ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያ ስትሆን ሰዉ ተሰጥኦ ነው አላት። እሷም አይደለም አላለችም።

የዛሬውን ነገር ያመጣው ታላቅ ወንድሟ ነው። ባለፈው እሁድ፣ ሁሉም ገበታ ከበው ዝም ብለው ሲበሉ፣ «አንዳንድ ቤተሰብ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ድምፅ ያስቀርጻል አሉ፤ ነርሷ ናት የነገረችኝ» አለ። «አንቺ እኮ ሥራሽ ነው» አላት ቀጥሎ ወደ ሚጢጢ ዞሮ። ሚጢጢ አባቷን አየች፤ አባቷ ሳህናቸውን አዩ። ይተዉታል ብላ አስባ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን የሠርግና የለቅሶ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ሳሎን ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እናቷ በጣቷ ትከሻቸው ላይ ያለ ብናኝ እያነሳችላቸው ነበር። ወዴት እንደሚሄዱ ታውቃለች፤ ምን ሊሉ እንደሚሄዱ ግን አልጠየቀችም። «ብርድ እንዳይመታው» አለች ለልጇ፣ ባሏ እዚያው ተቀምጠው ሳለ፣ እንደሌሉ አድርጋ።

በታክሲ ሄዱ። ሾፌሩ ወሬ የሚወድ ዓይነት ነው፤ ስለ መንገዱ መቆፈር፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ አማቹ አወራ። ጋሽ መነሻ መስቀለኛው ጋ ሲደርሱ «በግራ ያዝ» አሉት፤ ድምፃቸው ከታመሙ ወዲህ ሻክሯል፣ ግማሹ ትንፋሽ ነው። ሾፌሩ ግን በመስታወቱ አጮልቆ አያቸው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ መናኸሪያው አይደሉም? እኔ እኮ ወያላ ሆኜ ያደግኩት በእርስዎ ድምፅ ነው! እናቴን እንኳ እንደርስዎ አልሰማኋትም።» ጋሽ መነሻ ወደ ውጭ እያዩ «አይደለሁም» አሉ። ሾፌሩ ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። ፊታቸውን ሳይመልሱ ሲቀሩ ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ስለ አማቹም አላወራም። ሚጢጢ አባቷ ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡትን እጅ ልትይዝ አስባ ቦርሳዋን ያዘች።

ስቱዲዮው ከአንድ ፍሬም ቤት ጀርባ ያለ ምድር ቤት ነው፤ ከሸሪኳ ጋር ተከራይተው፣ ግድግዳውን በስፖንጅ አልብሰው፣ በሩን በወፍራም ብርድ ልብስ ደርበው የሠሩት። ሸሪኳ ድሮ ከበሮ መቺ ነበር፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን የተጠቀመበትን ዕቃ ወደ ቦታው መልሶ አያውቅም። ጠዋት የፍራሽ ማስታወቂያ ሲቀርጽ አርፍዶ፣ እነሱ ሲደርሱ እየወጣ ነበር። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት» ብሎ ጎንበስ አለና፣ ለሚጢጢ በጆሮዋ «አንድ ማይክ ብቻ ነበር የሰካሁት፤ ቪዲዮ ስለሆነ ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ፣ እይው» ብሏት ሮጠ። አየችው። ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ እንደ ውሃ ፈስሶ አይገባም፤ ተከትፎ ነው የሚገባው። መሣሪያው በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ይይዘዋል፤ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚወስነው ቁጥር ሳምፕል ሬት ይባላል። ሸሪኳ ከኮምፒዩተሩ ጋር የተያያዘውን ሳውንድ ካርድ አርባ ስምንት ሺህ ላይ አድርጎት ሄዷል። እሷ ለአባቷ ያሰበችው ጥሩው ማይክ ግን የማይክን ድምፅ በሚያጎላ ሌላ ሳጥን፣ በፕሪአምፕ በኩል ነው የሚገባው፤ እሱ ደግሞ በድሮው ቁጥር፣ አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ላይ ነው ያለው። የፕሪአምፑን ቁልፍ አዙራ ሁለቱን እኩል አደረገቻቸው። ቁጥሮቹ ተስማሙ። ደስ አላት፤ ሌላ የምታየው ነገር እንዳለ ታውቃለች፣ በየቀኑ የምታየው ነገር ነው፤ ግን አባቷ ጠባቧ ክፍል መሃል ከረባታቸውን ይዘው እንደ እንግዳ ቆመው ነበርና ወንበር ልትስብላቸው ሄደች።

ጋሽ መነሻ ማይክሮፎኑ ፊት ሲቀመጡ ማንም ምንም ሳይነግራቸው አፋቸውን ትንሽ ወደ ጎን አዞሩ፤ ትንፋሽ እንዳይመታው። አንድ ጊዜ በሁለት ጣት ቁመቱን አስተካከሉ። ሚጢጢ ለስንት ዘፋኝ ይህንኑ ለማስረዳት ስትጨቃጨቅ ኖራለች፤ አባቷ ሲሠሩ ግን አንድ ቀን አይታቸው አታውቅም። ልጅ ሆና መናኸሪያ ውሰዱኝ ብላ ጠይቃ «ያ የልጅ ቦታ አይደለም» ተብላ ቀርታለች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «አባባ፣ እስኪ የሆነ ነገር ይበሉ፤ ለሙከራ» አለቻቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክቡራን መንገደኞች» አሉ፣ በዚያ በተበላ ድምፅ፣ ግን ዜማው ሳይጎድል፣ «መነሻ ሰዓቱ የደረሰው አውቶቡስ በበር ቁጥር አራት ቆሟል። ዕቃዎን ሳይረሱ፣ ልጅዎን ሳይለቁ ይሳፈሩ።» ሚጢጢ ሳቀች። እሳቸውም ከንፈራቸው ሊፈታ ትንሽ ቀረው። በዚህ መሃል ማዳመጫው ውስጥ አንዲት ትንሽ «ጠቅ» የምትል ነገር ሰማች። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ነው አለች በልቧ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ስለነበር ተወችው። ቀዩን ቁልፍ ነካችና በእጇ ምልክት ሰጠቻቸው።

እሳቸው ግን ወደሷ ዞረው «ጆሮሽ ላይ ያለውን አውልቂው» አሏት።

«አባባ፣ ካልሰማሁት ስህተት ቢኖር አላውቅም።»

«ስህተት ቢኖር የኔ ነው። ለማሽን አላወራም፤ ሳወራለት የኖርኩት ይበቃል። እንደ ሰው ስሚኝ።»

አወለቀችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ወንበሯን ጎትታ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ያን ያህል ቀርባቸው አታውቅም፣ ጉልበታቸው አጠገብ ተቀመጠች። «ይኼ ለእናትሽ ነው» አሉ። «እኔ ቤት በሌለሁበት ታሰሚያታለሽ። እኔ ፊት እንዳይሆን።» ከዚያ የእናቷን ስም ጠሩ። ሚጢጢ በሕይወቷ አባቷ ያንን ስም ሲጠሩት ሰምታ አታውቅም፤ «አንቺ» ነው፣ «ስሚ» ነው፣ ለሰው ሲያወሩ «ሰዎቹ» ነው። አሁን ግን ስሙን ከነቁልምጫው፣ ድሮ ሲጠራው እንደነበረ ሰው ጠሩትና፣ ትንሽ አረፍ ብለው ቀጠሉ። ስለ ካውያው አነሱ። ማንጎራጎር ስላስተዉዋት ቀን አነሱ፤ ለካ ቀኑን ያስታውሱታል፣ ምን ለብሳ እንደነበር ሳይቀር። ጣቶቻቸው የጃኬታቸውን ቁልፍ ይፈቱና ይቆልፉ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ሙልጭ ብሎ ጠፋ፤ በእጃቸው ጠብቂ ብለው፣ ውሃ ጎንጭተው፣ እንደገና ጀመሩ። ዓይናቸው ማይክሮፎኑን አልለቀቀም። ሚጢጢ አላቋረጠቻቸውም፣ አላለቀሰችም። ቃሉን ማሽኑ ይይዘዋል ብላ እሷ ፊታቸውን ያዘች፤ አገጫቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ሽበታቸው ላይ ያለው ላብ ሲያበራ፣ ሲጨርሱ ትከሻቸው ወርዶ ወንበሩ ላይ ሲዘረፈጡ። «በቃ» አሉ በመጨረሻ። «ጨርሻለሁ።» ተነስተው ፊታቸውን ሊታጠቡ ወጡ።

ማዳመጫውን መልሳ አድርጋ አጫወተችው። ስሙ መጣ። ከዚያ «ጠቅ»። ሁለት ቃል፣ «ጠቅ»። መጀመሪያ ሙከራው ላይ የሰማችው ጥርስ አልነበረም። ወደፊት አሳለፈችው፤ ከዚያም ከዚያም ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጠቅታውም የለም፣ ድምፁ ራሱ ተቦጭቆ ግማሽ ቃል ይጎድላል። ወደ መጨረሻው እየባሰ ሄዷል። አንገቷን አቅንታ ፕሪአምፑን አየች። ረግታ መብራት የነበረባት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። እያንዳንዱ መሣሪያ ሆዱ ውስጥ ክሎክ የምትባል ሰዓት አለችው፤ የመለኪያውን ምት የምትመታው እሷ ናት። ሁለት መሣሪያ በገመድ ተያይዞ ሲሠራ አንዱ ምቱን ይመታል፣ ሌላው የራሱን ሰዓት ትቶ ያኛውን ይከተላል። ሸሪኳ ጠዋት አንድ መሣሪያ ብቻ ሲጠቀም ሳውንድ ካርዱን በራሱ ሰዓት እንዲሄድ አድርጎት ነበር፤ ፕሪአምፑም ድሮውንም በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው። እሷ ቁጥራቸውን እኩል አድርጋ ማን እንደሚመራ ሳታይ ቀርታለች። ሁለቱም አርባ ስምንት ሺህ እያሉ፣ ሁለቱም በየራሳቸው እየቆጠሩ፣ በፀጉር ያህል እየተላለፉ፣ በተላለፉ ቁጥር ከአባቷ አፍ የወጣውን እየጣሉት ሄደዋል። ለጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የምታስተምረው ነገር ነው። የአንድ ቁልፍ ነገር ነው። ጣቷን ሰድዳ ቁልፉን አስተካከለችው፤ መብራቷ ረጋች። አሁን ሁሉም ልክ ነው።

ጋሽ መነሻ ፊታቸው ረጥቦ በሩ ላይ ቆሙ። «ገባ?» አሏት።

ገና ከሰዓት በኋላ ነበር። ወንበሩ አልቀዘቀዘም፤ ማይክሮፎኑ እሳቸው ባስተካከሉት ቁመት ቆሟል። «አባባ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ እንደገና ይበሉልኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ይቆጡ ይሆናል፤ መቆጣቱን እንደሆነ ለምዳዋለች። ግን ቀና ብላ ስታያቸው ፊታቸው ላይ አይታው የማታውቀውን ነገር አየች፤ ረጅም መንገድ የተሸከመውን ዕቃ አውርዶ ወገቡን የሚያቀና ሰው ፊት። ያንን መልሳ ልታሸክማቸው አልቻለችም። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ይህን ያህል አያምርም፤ ዕድሜያቸውን ከማይክሮፎን ጋር በኖሩት ሰው ፊት፣ ያውም አውልቂ ብለዋት ባወለቀችው ማዳመጫ፣ ሥራዋን የማታውቅ ሆና መታየት አልፈለገችም። ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠ በኋላም ብዙ ጊዜ ራሷን ጠይቃ መልስ አላገኘችም።

«ገብቷል፣ አባባ» አለች። ማንም ሳይጠይቃት ደግሞ «ጥርት ብሎ ገብቷል» ብላ ጨመረች።

ማታ ሁሉም አብረው ተመገቡ። የወንድሟ ሚስት ለጋሽ መነሻ ድንቹን በወተት አለስልሳ፣ ለብ አድርጋ፣ በትንሽ ማንኪያ አቀረበችላቸው፤ መዋጥ ካቃታቸው ጀምሮ ይህን የምትሠራው እሷ ናት፣ ማንም ሥሪ ሳይላት። ሚጢጢ የጠዋቱን ስልክ አስታውሳ ልትጠላት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «እና፣ አናሰማም እንዴ?» አለ ወንድሟ። «ገና ሥራ ይቀረዋል» አለች ሚጢጢ። አባቷ ከሳህናቸው ቀና ብለው አዩዋት፤ አደራዬን ጠበቀችልኝ በሚል ዓይን፣ ምስጋና በሚመስል ዓይን። እናቷ ትቀዳለች፣ ታነሳለች፣ ፍርፋሪ በመዳፏ ትሰበስባለች። ሰውየው እዚያው ተቀምጠዋል፤ የሻከረም ቢሆን ድምፃቸው እስከ ነገ ጠዋት የራሳቸው ነው። የሁሉም ስልክ የሁሉም ሳህን አጠገብ ተቀምጧል፤ አንዱን ነክቶ «አባባ፣ እስኪ አንድ ነገር ይበሉን» ለማለት ክሎክም ሳምፕል ሬትም አያስፈልግም ነበር። ወንድሟ ስለ ነገው መኪና አወራ፤ በየት በኩል ቢሄዱ ይሻላል፣ የት ያቆማሉ። ሚስቱ ፎጣና ነጠላ ጫማ ማስቀመጧን ተናገረች። ሚጢጢ አንድ ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ግን «ጨው አቀብሉኝ» ብቻ ነበር። ጋሽ መነሻ ቀድመው ተነሱ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆም ብለው፣ «አንቺ፣ መስኮቱ ተዘግቷል?» አሉ። «ተዘግቷል» አለች እናቷ። ገቡ። በማግስቱ መኪና ውስጥ መዳፋቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ሄዱ፤ ለማንም አልተናገሩም።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። ሐኪሞቹ ሁሉ እንደዚያ ነው ያሉት፤ ደህና ሆነ። ጋሽ መነሻ አንገታቸው ላይ በፋሻ የተሸፈነች ቀዳዳ፣ እጃቸው ላይ ደግሞ የልጅ መጻፊያ የምታክል ነጭ ሰሌዳና ጥቁር ማርከር ይዘው ቤት ገቡ። ቤቱ እንደተባለው ሰላም አገኘ። በሩን ማንም በእጁ ደግፎ መዝጋት አላስፈለገውም፤ ሁሉም ግን ደግፎ ይዘጋል። ሚጢጢ ሌላ ሥራ ስትጨርስ ስቱዲዮው ውስጥ ብቻዋን እየቀረች ያንን ቀረጻ ማከም ያዘች። ጠቅታዎቹን አንድ በአንድ እያጎላች፣ እንደ እሾህ እየነቀለች አወጣቻቸው። ይህ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። የተቦጨቁት ቦታዎች ግን መድኃኒት አልነበራቸውም። አንድ ጊዜ ከሌላ ቃል ላይ አንዲት ፊደል ቆርጣ ቀዳዳው ላይ ለጠፈችው፤ ገጠመ፣ እንዲያውም በደንብ ገጠመ። ደጋግማ ሰማችው፤ አባቷ ያላሉትን እያስባለቻቸው እንደሆነ ሲሰማት መልሳ አጠፋችው። ሸሪኳ ነገሩን ሲያውቅ «በኔ ነው፣ እኔ ነኝ የቀየርኩት» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። «አንተማ እይው ብለኸኝ ነበር» አለችው።

በመጨረሻ እናቷ ራሷ ጠየቀች። «ያ ነገር አላለቀም?» አለች አንድ ቅዳሜ፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል። ጋሽ መነሻ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሚጢጢ እናቷን መኝታ ቤት አስገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። እናቷ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ከታ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ አዳመጠች። ስሟ ጋ ሲደርስ ልጇን በድንጋጤ አየቻት፤ ማን ነው የጠራኝ እንደሚል ሰው። ከዚያ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ቀጠለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ የዚያ ቤት ሰው ሁሉ ፊቱን መዝጋት ያውቃል። አንድ ቦታ ላይ ግን ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ማዳመጫውን በአንድ በኩል አነሳችው።

«እዚህ ጋ ምን አለ?»

ሚጢጢ ስለ ሁለቱ መሣሪያዎች ልታስረዳት ጀመረች፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት ይዘው እንደነበር፣ አንዱን ለሌላው ማስገዛት እንደነበረባት፣ እንዳላየች፣ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ። እናቷ ሳትበሳጭ፣ በእጇ ተይ እያለች አቋረጠቻት። «እሱን ተይው። አንቺ እዚያው ነበርሽ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«አጠገቡ?»

«አጠገባቸው።»

«ታዲያ ምን አለ?»

ሚጢጢ ፈለገችው። የጃኬቱ ቁልፍ ሲፈታና ሲቆለፍ ታየዋለች። ላቡን፣ አገጩን፣ የውሃውን ብርጭቆ ታየዋለች። ክፍሏ ውስጥ የነበረውን ሽታ እንኳ ታስታውሰዋለች። ቃሉ ግን የለም። ይያዛል ብላ ስላመነች አልያዘችውም። «ስለ ካውያው… እዚያ ጋ ስለ ካውያው ነበር መሰለኝ፣ እማዬ።»

«መሰለኝ?» አለች እናቷ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ሌላ ቦታ ላይ አላቆመችም። ሲያልቅ ማዳመጫውን በሁለት እጇ አውልቃ፣ እንቁላል እንደምታስቀምጥ አድርጋ አልጋው ላይ አኖረችውና፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በረንዳው ወጣች። ሚጢጢ «እማዬ፣ እሳቸው ፊት አይሁን ብለው ነበር» ብላ ተከተለቻት፤ አልደረሰችባትም።

እናቷ ባሏ ፊት ቆመች። «ሰማሁት» አለች። ጋሽ መነሻ ቀና አሉ። «መሃሉ ላይ የጎደለ አለ። የኔን ስም ከጠራህ በኋላ፣ ወደ ኋላው ላይ። ምን ነበር ያልከው?» ጋሽ መነሻ ከሚስታቸው ትከሻ በላይ፣ በሩ ላይ የቆመችውን ልጃቸውን አዩ። ሚጢጢ ዓይኗን አልሰበረችም፤ መስበር እንኳ አልቻለችም። ጥርት ብሎ ገብቷል ያለችው ነገር እንዴት እንደገባ አሁን አወቁ። ብዙ አላዩአትም። ሰሌዳውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው፣ የማርከሩን ክዳን በጥርሳቸው ነቅለው መጻፍ ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው የሚጽፉት፤ ማርከሩ ሲጥ ሲጥ ይላል። አንድ መስመር ሞልተው ወደ ሁለተኛው ወረዱ። ሚጢጢ ካለችበት የሚታያት የሰሌዳው ጀርባ ብቻ ነበር። «ቆይ» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ «ቆይ መነጽሬን፤ እንዳታጠፋው፣ መነጽሬን ላምጣ» ብላ እንደ ልጅ እየተጣደፈች ገባች፤ መሳቢያ ስትከፍትና ስትዘጋ ተሰማ።

ጋሽ መነሻ የጻፉትን አነበቡት። አንድ ጊዜ ወደ በሩ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰሌዳው አዩ። ሚጢጢ አንድ እርምጃ ወደፊት ራመደች፣ «አባባ» አለች። ጋሽ መነሻ ሰሌዳውን በመዳፋቸው ጠረጉት። ከዚያ አጭር ነገር ጻፉበት።

እናቷ መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች መጣች፤ አደረገችው፤ ሰሌዳውን ከእጃቸው ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ሻይ» ይላል። ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ባዶ ነው። መልሳ ፊቱን አየች። ጋሽ መነሻ መንገዱን እያዩ ነበር፤ በማርከሩ ቀለም የጠቆረውን መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ቀስ እያደረጉ ይጠርጋሉ።

«እሺ» አለች እናቷ። ሰሌዳውን ጉልበታቸው ላይ መልሳ ውሃ ልትጥድ ገባች።